ጎመን የማይበላውን ልጄን ጎመን ያስበላው የትምህርት ቤት ጓሮ

ልጆቼ የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ከምገባው ኩሽና ጀርባ የአትክልት ቦታ አለው። በአዘቦት ቀን ተማሪዎቹ በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይሠሩበታል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ክፍት ነው፤ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪ ሆነም አልሆነም። አትክልቱ እዚያው ይተከላል፣ እዚያው ይለቀማል፣ እዚያው ይበስላል፣ እዚያው ይበላል። የመጨረሻ ቃሌን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አራቱን ያገኘው በድስቱ ነው። አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ዝቅ ብላችሁ ታነባላችሁ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ቅሬታም አለኝ፤ ቅሬታዬን ደግሞ በወላጅ ስብሰባ ላይ ፊት ለፊት ተናግሬዋለሁ። ግን እንዲህ ዓይነት ጓሮ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አሁን በየክፍለ ከተማው አሉ። እናንተም ሰፈር ካለ፣ ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት ምን ምን ማየት እንዳለባችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው።

በሙያዬ ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያ፣ የሕጻናት ክትትል ክፍል ነው የምሠራው። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ልጆች 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እናቶች «ምን ላብላው?» ሲሉኝ ከምመክራቸው አንዱ አረንጓዴ ቅጠል ነው። «አይበላልኝም እኮ» ይሉኛል። ወሬያችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ግድግዳችን ላይ የጎመንና የካሮት ሥዕል ያለበት ፖስተር አለ። ፖስተሩን አይቶ ጎመን የበላ ልጅ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ጓሮ ሊያለማ ነው ሲባል ከልቤ ነበር የጓጓሁት።

ቦታው ትልቅ አይደለም። ሁለት መማሪያ ክፍል ቢያክል ነው። አፈሩ ቀይ ነው፤ ድንጋይ ይበዛዋል። ከአጥሩ ውጪ ካሉት ባሕር ዛፎች ቅጠል ይረግፍበታል። መምህሩ ልጆቹን ያንን ቅጠል አስለቅመው ለብቻ ያስጥሏቸዋል፤ ብስባሽ ጉድጓዱ ውስጥ አያስገቡትም። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፣ ለችግኝም አይስማማም። ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባው ከምገባው ኩሽና የሚወጣ የድንች ልጣጭ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ ነው። ላይ ላዩን ደግሞ ጎረቤት ካሉ ከብት አርቢዎች የሚመጣ ፍግ ይጨመርበታል። ልጆቹ በየሳምንቱ ያገላብጡታል። መጀመሪያ ሰሞን አፍንጫቸውን ይይዙ ነበር። አሁን እጃቸውን አስገብተው «ሞቋል፣ አልሞቀም» እያሉ ይከራከራሉ።

መደቦቹ ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት አለ። ቲማቲም የለም። አንዳንድ ወላጅ ይህን እንደ ጉድለት ሲያነሳ ሰምቻለሁ፤ እኔ አልስማማም። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በዚያ የሌሊት ብርድ፣ ቲማቲም ለጀማሪ ልጅ የሚሰጥ ተክል አይደለም። ቅጠሉ ጠቁሮ ሲረግፍ ልጁም አብሮ ተስፋ ይቆርጣል። ጎመን ግን ከተተከለ በሁለት ወር ገደማ የታችኛው ቅጠሉ ይለቀማል፤ ከላይ አዲስ ቅጠል እያወጣ ለወራት ይቆያል። ለልጅ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

ካሮት የሚነቀልበትን ቀን ጠይቃችሁ ሂዱ። ካሮት እንደ ጎመን ችግኙ አይዛወርም፤ ዘሩ እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል፣ ሲበዛ እየተነቀለ ይሳሳል። መምህሩ ይህን ሰሌዳ ላይ ጽፈው አላስተማሩም። አንዱን መደብ በቀጥታ አስዘሩ፣ ሌላው ላይ ልጆቹ ራሳቸው እንደጠየቁት ችግኙን እንዲያዛውሩ ፈቀዱላቸው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ሁለቱም ተነቀለ። የተዛወረው ካሮት ሁለትና ሦስት እግር አውጥቷል፣ ተጣሟል፣ አንዳንዱ እርስ በርሱ ተጠማዟል። በቀጥታ የተዘራው ድንጋይ ካልገጠመው በቀር ቀጥ ያለ ነው። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሁለቱን በሁለት እጁ ይዞ ለትንንሾቹ ሲያስረዳ ቆሜ ሰማሁት። «ይሄኛው ሥሩ ተነክቷል። ጫፉ ሲነካ ወደ ታች መሄዱን ይተዋል» አላቸው። ከዚያ በሹራቡ ጠረግ አድርጎ ሊነክሰው ሲል መምህሩ ወደ ቧንቧው ላኩት። ደስ አለኝ። ፍግ የገባበት አፈር ላይ የበቀለ ነገር ሳይታጠብ መበላት የለበትም። የሆድ ትላትል ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ የማይ ሰው ነኝ።

አሁን ወደ ድስቱ ልምጣ፤ ይህ ጓሮ ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነውና።

ከከተማው አስተዳደር የምገባ መርሐ ግብር መጋቢ እናቶች ሁለቱ ቅዳሜም ይመጣሉ። ጠዋት ሲለቀምና ሲታጠብ ቆይቶ አራት ተኩል ገደማ ምድጃው ይለኮሳል። እያንዳንዱ ልጅ ሥራ አለው። ትንንሾቹ ቅጠሉን ከግንዱ ይለያሉ፣ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ቢላ የሚይዙት ከፍ ያሉት ናቸው፤ ያም ቢሆን አንዷ እናት አጠገባቸው ቆማ ነው። ሽንኩርቱ በትንሽ ዘይት ይቁላላል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይከተላል። ከዚያ ደቀቅ ተደርጎ የተከተፈው ጎመን ይገባል፣ ትንሽ ውሃ ጠብ ይደረግበታል፣ ይከደናል። አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ይወጣል። ቃሪያ በመጨረሻ፣ ለሚፈልግ ብቻ። ሲቀርብ ሎሚ ይጨመቅበታል።

ይህን በዝርዝር የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን ቤት ጎመን ለረጅም ጊዜ ይቀቀላል፣ ውሃው ይደፋል፣ ከዚያ ይቁላላል። ፎሌት የሚባለው ቫይታሚንና ቫይታሚን ሲው በብዛት ከውሃው ጋር ነው የሚሄደው። ሎሚው ደግሞ ለጣዕም ብቻ አይደለም። ጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም፤ ቫይታሚን ሲ አብሮት ሲገባ ግን የሚወስደው መጠን ይጨምራል። ከምግቡ በኋላ ወዲያው ሻይ አይሰጥም። ሻይና ቡና የብረቱን መመጠጥ ስለሚቀንሱ ልጆቹ ውሃ ነው የሚጠጡት። መጋቢ እናቶቹ ይህን ሁሉ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ለልጆቹም በቋንቋቸው ያስረዳሉ። እኔ ጤና ጣቢያ ውስጥ በአሥር ደቂቃ ላስረዳ የምታገለውን እነሱ ማማሰያ ይዘው ሲናገሩት ልጁ ጆሮውን ይሰጣል።

ትንሹ ልጄ ጎመን ሲያይ ከማዕድ የሚነሳ ልጅ ነበር። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንቁላል ውስጥ ደብቄ አይቻለሁ፤ በጄ አላለም። እዚያ ግን ቅጠሉን ያጠበው እሱ ነው። ጓደኞቹም ከበውታል። በእንጀራ ጠቅልሎ ጎረሰ፣ ዝም ብሎ አኘከ፣ ደገመ። «እማ፣ ይሄ እኮ የኛ መደብ ነው» አለኝ። ቤት ስንመለስ «እንደነሱ አድርጊው» ብሎ አዘዘኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ጎመን የሚሠራው እንደነሱ ነው። እህቱ በተራዋ የቀይ ሥር ሰላጣ ይዛ መጣች፤ የተቀቀለ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ካሮት፣ ሎሚና ትንሽ ዘይት። እኔ የሠራሁትን ግን አሁንም «ድንች በዝቶበታል» ትለኛለች።

ሌላም የወደድኩት ነገር አለ። ቅዳሜ የሚበስለው ሁሉ የጾም ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ትሪ ላይ ይቀርባል። በረመዳን ልጅ የሚጾም ከሆነ ድርሻው በሳህን ተደርጎ ለማፍጠሪያ ይሰጠዋል። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ።

የሰፈሩ ሰውም የጓሮው አካል ነው። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የአንዱ ተማሪ አያት ከአጥሩ ጥግ ጥቂት የእንሰት ችግኞች ተክለዋል። እማማ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ጎመን በሁለት ወር ሲደርስ ያዩ ልጆች «ይሄስ መቼ ይደርሳል?» ሲሏቸው «አንተ ሃይስኩል ስትገባ» ይሏቸዋል። እውነታቸውን ነው፤ እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ እንደ ቦታው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል። ደጋ ላይ ደግሞ ይዘገያል። በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ሚሊዮኖች የሚተዳደሩበት ተክል ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ከክትፎ ጋር የሚቀርበውን ቆጮ ብቻ ነው። እማማ ቅጠሉን ቆርጠው ዳቦ እንዴት እንደሚጋገርበት ሲያሳዩ፣ ጮሌው የክፍል ረብሻ ልጅ ሁሉ ጸጥ ብሎ ነው የሚያያቸው። እሳቸው ብቻቸውን አንድ ኮከብ ያስገኛሉ።

ውሃ ትልቁ ፈተና ነው። የትምህርት ዘመናችንን አስቡት። ትምህርት መስከረም ይከፈታል፣ ሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። ዋናው ዝናብ ደግሞ የሚጥለው ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ልጆቹ ቤት ሲሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጅ ባለበት ጊዜ ሰማዩ ደረቅ ነው፤ ሰማዩ ሲከፈት ልጅ የለም። ከጣሪያ የተጠራቀመው የክረምት ውሃ ሮቶው ውስጥ እስከ ታኅሣሥ ቢደርስ ነው። ከዚያ በኋላ የቧንቧ ውሃ አለ፤ እሱም በፈረቃ። የካቲትና መጋቢት ላይ፣ ሁላችንም ለዐቢይ ጾም ጎመን በምንፈልግበትና ገበያ ላይ ዋጋው በሚወደድበት ወቅት፣ ጓሮው ክፉኛ ይጠማል። ያንን ሰሞን የእጅ መታጠቢያው ውሃ በባልዲ እየተጠራቀመ መደቡ ላይ ይፈሳል። ልጆቹ በተራ ያጠጣሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ።

መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥያቄም ስለ ውሃው ነበር። ከተማችን ውስጥ በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ የሚለማ ብዙ አትክልት አለ። ተመራማሪዎች በዚያ ውሃ በለሙ አትክልቶች ላይ እርሳስና ካድሚየም የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች በተደጋጋሚ አግኝተዋል። እነዚህ በማጠብ አይለቁም። ስለዚህ የትኛውም ትምህርት ቤት ጓሮ ስትሄዱ «በምን ውሃ ነው የምታጠጡት?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ መልሱ የዝናብና የቧንቧ ውሃ ነው። ተባይ ሲመጣስ? ክሽክሽ ጎመኑን ሲወረው በሳሙና ውሃና በአመድ ነው የሚከላከሉት። ኬሚካል አይረጭም። ልጅ ለቅሞ በዚያው ጠዋት ለሚበላው ነገር ሌላ መንገድ የለም።

ክረምቱን በተመለከተ ያገኙት ብልሃት ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መደቦቹን ለሰፈሩ ወላጆች ያከፋፍላሉ። እኔም አንድ መደብ ደርሶኝ ቆስጣ ተክያለሁ። ሲሶው ለትምህርት ቤቱ፣ የቀረው ለቤት ነው። መስከረም ላይ ልጆቹ ሲመለሱ የጠበቃቸው አረም ሳይሆን የሚለቀም አትክልት ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

አርፍዶ የመጣ ተማሪ አረም እንዲያርም ይደረግ ነበር። የረበሸም እንዲሁ፤ ዶማ ይሰጠውና ጓሮ ይላካል። ይህ በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የኖረ ልማድ ነው፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ አርሜያለሁ። ግን አንድ እጅ ልጅን ስለ ምግብ ሊያስተምርበት የደከመበትን ቦታ፣ ሌላ እጅ መቅጫ ሲያደርገው ልብ ያደማል። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ጎመን ሲያይ የሚያስታውሰው ምንድን ነው? በስብሰባው ላይ ይህንኑ ተናገርኩ። ርእሰ መምህሩ ሰሙኝ፤ ቅጣቱ ቀነሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልቀረም። በቅርቡም አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ በዕረፍት ሰዓት ብቻውን ሲያርም አይቻለሁ። አምስተኛዋን ኮከብ የያዝኩት በዚህ ነው።

ሁለተኛው የእንግዳ ነገር ነው። የሌማት ትሩፋት በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለጓሮ ልማት የተሰጠው ትኩረት ጨምሯል፤ ጥሩ ነው። ችግሩ ጎብኚ ይመጣል ሲባል ነው። «እስኪያዩት አትንኩ» ይባላል። አንድ ጊዜ ሰላጣው ለጉብኝት ሲጠበቅ አበባ አወጣ። አበባ ያወጣ ሰላጣ ይመራል። ልጆቹ በዘሩት፣ ባጠጡት፣ ቅዳሜ እንበላዋለን ብለው በጠበቁት ሰላጣ ፋንታ ደረቅ እንጀራ በሽሮ በልተው ተመለሱ። ሽሮው ጣፋጭ ነበር፤ ነጥቡ ግን እሱ አይደለም። ለጎብኚው ሊያሳዩት የሚገባ ነገር ቢኖር ልጆቹ ሲበሉ ነበር።

በሩ ላይ ያለችው ሱቅ ደግሞ አለች። ቺፕስ፣ ከረሜላ፣ ቀለም የተቀላቀለበት ጣፋጭ በላስቲክ። ባለሱቋን አልወቅስም፤ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት፣ የሚሸጠውን ነው የምታቀርበው። ወላጆች ሆነን አነጋግረናት ሙዝና የተቀቀለ ድንች በዳጣ መያዝ ጀምራለች። ድንቹ ከረፋዱ በፊት ያልቃል። ትምህርት ቤቱ ግን በዚህ ጉዳይ እጁን አላስገባም፤ ማስገባት ነበረበት።

ጓሮው የምገባውን ወጪ ይሸፍናል ብሎ የሚጠብቅ ወላጅ ካለ ሒሳቡን ላሳየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። አንድ ሺህ ተማሪ ቢኖር በቀን 4 ኩንታል ነው። ሁለት ክፍል በምታክል መሬት ይህ አይታሰብም። በኪሎ ከመዘናችሁት ይህ ጓሮ ከንቱ ነው። በኪሎ መመዘኑ ነው ስህተቱ። ብዙ ትምህርት ቤቶች መደብ አላቸው፣ ታፔላ አላቸው፣ ክበብ አላቸው፤ ድስት ግን የላቸውም። አትክልቱ ይሸጣል፣ ወይም ለመምህራን ይከፋፈላል፣ ልጁ ሳይቀምሰው ይቀራል። ካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ ውስጥ አሊስ ዋተርስ የተባሉ የምግብ ቤት ባለቤት በ1995 እ.ኤ.አ. አስፋልት የነበረን የአንድ መለስተኛ ትምህርት ቤት ግቢ ወደ አትክልት ቦታ ሲያስለውጡ፣ ማብሰያ ክፍልም አብሮ እንዲኖር አድርገዋል። ልጆቹ አብስለው፣ ገበታ ዘርግተው፣ አብረው ተቀምጠው ይበላሉ። ዛሬ በብዙ አገር እንደ አርአያ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ገንዘባቸው ከኛ ጋር አይወዳደርም፤ ድስትና መጋቢ እናቶች ግን እኛም አሉን።

ክፍያ የለውም። ለዘርና ለጋዝ የሚሆን መዋጮ ሳጥን አለ፤ የቻለ ይጥላል። ልጁ መቀየሪያ ልብስና ቦቲ ያስፈልገዋል፤ ጭቃው አይጣል ነው። ከሰባት ዓመት በታች ከሆነ አብራችሁ ቆዩ፤ ከፍ ያለውን ትታችሁት መሄድ ትችላላችሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ዘግይቶ የመጣ ልጅ መልቀሙ ያመልጠዋል፣ ስለዚህ በጊዜ ድረሱ። የክረምት መደብ ለምትፈልጉ ወላጆች ምዝገባው ሰኔ ላይ ነው፤ መደቦቹ ጥቂት ስለሆኑ ቶሎ ይሞላል። ሁለተኛ ሮቶ ለመግዛት የወላጅ መምህር ኅብረቱ መዋጮ እያሰባሰበ ነው፤ የምትችሉ እዚያው ስማችሁን አስመዝግቡ።